የሚያንኳኳ ሰው እኔ አይደለሁም

ሰፈሩ «መጣሁ» ይለዋል። ከሱቁ በወጣ ቁጥር ለደንበኛው የሚላት ቃል ይህችው ነበረች። «መጣሁ!» ይልና ውልቅ ይላል። የሰው ቁልፍ ግማሹ ተቀርጾ ማሽኑ ላይ እንደተነከሰ ይቀራል፤ ደንበኛው በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ያዛጋል፤ እሱ የማሽን ዘይት ሊገዛ ወጥቶ መንገድ ላይ የማያውቀውን ሰው የብስክሌት ሰንሰለት ሲጠግን ይገኛል። ሲመለስ ዘይቱ የለም። ሲጮሁበት ከልቡ ይደነግጣል፣ ከልቡ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ይቅርታውን ሳይጨርስ ዓይኑ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ሰው ይመቱታል ወይስ ያቅፉታል? እኔ እንጃ።

በሙያው ግን አይታማም። ቁልፍ ሠሪ ነው፣ ያውም አንደኛ። የተበላሸ ቁልፍ እጁ ከገባ ዓለም ድራሹ ይጠፋል፤ ቢጠሩት አይሰማም፣ ቢርበው አያውቅም። «አንተ እኮ ቤት ቢቃጠልብህ ቀና አትልም» እያሉ ይስቁበት ነበር። ዛሬ ያንን ቀልድ የሚደግም የለም።

ጎልማሳ ከሆነ በኋላ አንዲት ሐኪም ፊቷ አስቀምጣ፣ «የትኩረት ማነስ ይባላል። ከልጅነትህ ጀምሮ አብሮህ የኖረ ነው እንጂ ስንፍና አይደለም» አለችው። ቤቱ ገብቶ አለቀሰ። ዕድሜ ልኩን ዝንጉ፣ ቀልበ ቢስ፣ ደንታ ቢስ ሲባል የኖረ ሰው «አይደለህም» ሲሉት ምን ያድርግ? ኪኒን ታዘዘለት፤ ኪኒኑም ረዳው፤ ሐሳቡ ተራ ይዞ መምጣት ጀመረ። ግን ሲያልቅ ሄዶ ማሳዘዝ ያለበት ማን ነው? ያው እሱ! እንዳይረሳ የተሰጠውን መድኃኒት ይረሳል። ጉድ እኮ ነው።

የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው። ልጅ ሳለ ቀልቡ እሷ ነበረች። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ትቆምና «ደብተር? ሹራብ? ምሳ?» እያለች እያንዳንዱን በእጇ ትዳስሳለች። አስተማሪዎቹ ሲያማርሩ፣ «ልጄ አይረሳም፤ ብዙ ስለሚያስብ ነው» ብላ ትሟገትለት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ቀልበ ቢስ ብላው አታውቅም። አሁን እርጅናው አእምሮዋን ሸርሽሮ ሸርሽሮ ወሰደውና ተራው የእሱ ሆነ። ምን ዓይነት ተራ ነው ይሄ! ሁለት የሚረሱ ሰዎች፣ አንዱ የሌላው አስታዋሽ።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ስልክ ሲያነሳ በሩን ሳይዘጋው ቀረ። እናቱን በሌሊት ልብሷ፣ በባዶ እግሯ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኟት። «ልጄን ትምህርት ቤት ላደርሰው ነው» ትላለች። ሌላ ከተማ የምትኖረው ታላቅ እህቱ በማግስቱ ከች አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«እታለም፣ ስልክ ጠራና... ልዘጋው ነበር እኮ።»

«ልዘጋው ነበር! አንተ ሁሌም ልታደርገው ነበር!» ድምፅዋ ተሰበረ። «አልጠላህም። በሽታ ነው አልከኝ፣ እሺ፣ በሽታ ነው። መኪና ቢገጫትስ? ‹በሽታ ነው› ብዬ ልቅበራት?»

ሄዶ በሩን ገፋ አድርጎ መዘጋቱን አየ። እውነቷን ነው።

«አንዴ ብትደግመው እወስዳታለሁ። አለቀ።»

የእህቱ ቤት ክፉ ቤት አይደለም። ግን እናቱ በማታውቀው ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ አፍጥጣ ስትውል ታየው። ደግሞም እሷ ከሄደች «ልጄ» የሚለው ሰው አይኖርም። ጉድለቱን ሁሉ ለምዶታል፣ የተሳቀበትንም የተሰደበውንም፤ እሷን ማጣት ግን የሚለመድ ነገር አልነበረም።

ታዲያ እንደ ቁልፍ ሠሪ አሰበ። «ራሴን ማስተካከል አቅቶኛል፤ በሩን ግን አስተካክለዋለሁ» አለ። የእንጨቱን በር ነቅሎ ብረት ተከለ። በሩ ተለቆ ሲቀር ራሱ እንዲመለስ ሞላ ገጠመለት፤ ሲገጥም ራሱ የሚቆለፍ፣ ከውስጥም ከውጭም ያለ ቁልፍ የማይከፈት ቁልፍ መርጦ አስገባ። መስኮቱን በፍርግርግ በየደው። «እኔ ራሴ እንኳ ያለ ቁልፉ አልከፍተውም!» እያለ ለሰፈሩ ጎረረ። ቁልፏን በገመድ አንገቱ ላይ አጠለቃት። መጠባበቂያስ? ለሰፈሩ ሁሉ ቁልፍ የሚቀርጸው ሰው ለራሱ ነገ እቀርጻለሁ እያለ ሰነበተ።

አንድ ነገር ቀረው። በድሮው በር ጊዜ አንድ ቀጣፊ አንኳኩቶ «ልጅሽ ነኝ» ብሏት፣ ከፍታለት፣ ቴሌቪዥናቸውን ተሸክሞ ሄዷል። ስለዚህ፣ እሱ ተኝቶ ሳለ ቁልፏን አንስታ ለማንም እንዳትከፍት፣ ጠዋት ማታ እንደ ጨዋታ ያስጠናት ጀመር።

«እማዬ፣ ስሚኝ። እኔ ቁልፍ አለኝ፤ እኔ ከሆንኩ ራሴ ከፍቼ እገባለሁ። የሚያንኳኳ ሰው እኔ አይደለሁም።»

«አንተ አይደለህም።»

«‹ልጅሽ ነኝ› ቢልሽስ?»

«ውሸቱን ነው።»

«ቁልፍ አቀብዪኝ ቢልሽስ?»

«ጥርግ በል እለዋለሁ!» ትልና እንደ ልጅ ትስቃለች። የራሷን ልጆች ስም የረሳች ሴት ይህችን አልረሳችም። እሱም አንድ ነገር ተሳካልኝ ብሎ ደስ ይለው ነበር።

ያ ቀን የእረፍት ቀን ነበር። ኪኒኑ ካለቀ ሰንብቷል። እናቱን ጎንበስ አድርጎ ፀጉሯን ሲያጥባት አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችው ቁልፍ ግንባሯን ነካቻት። «ወጋኸኝ!» አለችው። «ይቅርታ እማዬ» ብሎ አወለቃትና መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አስቀመጣት። ፀጉሯን አድርቆ ፎጣውን ከምድጃው በላይ ባለው ገመድ ላይ ሰቀለ። ሾርባ ጣደ። ዳቦ የለም። «እማዬ፣ ዳቦ ልግዛ፤ መጣሁ!» አላትና ወጣ። በሩ ከኋላው ራሱ ገጠመ፣ ራሱ ተቆለፈ። እንዴት ደስ ይላል፣ ልክ እንዳሰበው!

ደረጃው ላይ የታችኛዋ ጎረቤት የተሰበረ ቁልፍ እጀታ ይዛ ቆማለች።

«ወንድሜ፣ አምላክ ነው የላከህ። ግማሹ ውስጥ ቀረብኝ፣ እስቲ አንዴ እየው።»

«እትዬ፣ ዳቦ ልገዛ ነው... እሺ፣ ለአንድ አፍታ።»

ተንበረከከ። ኪሱ ውስጥ የመጋዝ ስባሪ አይጠፋም። ስባሪዋን ወደ ቀዳዳው አስገብቶ የተሰበረውን ጥርስ ሲዳስስ ዳቦው ጠፋ፣ ሾርባው ጠፋ፣ እናቱም ጠፋች። አንዴ ያዝ አደረገው፣ አመለጠው፣ እንደገና ያዘው። መሐል ላይ ሽታው አፍንጫውን መታው።

«የሆነ ሰው ድስት እያረረበት ነው» አለ ቀና ሳይል።

«የእኔ አይደለም፣ ገና አልጣድኩም» አለች ጎረቤትየዋ።

«ምስኪን፣ ረስቶት ነው» ብሎ ፈገግ አለ።

የቁልፉ ስባሪ ሲወጣ እንደ ልጅ ፈነደቀ። «ይኸው!» ብሎ ሊያሳያት እጁን ሲዘረጋ ከላይ «እሳት! እሳት!» የሚል ጩኸት መጣ። ያን ጊዜ እጁ ወደ አንገቱ ሄደ። አንገቱ ባዶ ነው።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣው አያውቅም። ጭሱ በበሩ ሥር እየተግተለተለ ይወጣል። በሁለት እጁ ደበደበው።

«እማዬ! እማዬ!»

ሳል ተሰማው። ከዚያ የእናቱ ድምፅ፣ በጨዋ ደንብ፦

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ! ልጅሽ!»

«ልጄ ቁልፍ አለው» አለች። «የሚያንኳኳ ልጄ አይደለም።»

አፉን ወደ በሩ ሥር አስጠግቶ መሬት ላይ ተደፋ።

«እማዬ፣ እሱን ተዪው! የነገርኩሽን እርሺው! ቁልፏ መታጠቢያው ጋ አለች፣ በበሩ ሥር አሳልፊልኝ! ቤቱ እየተቃጠለ ነው!»

እግሯን እየጎተተች ስትሄድ ሰማ። ስትመለስም ሰማ። ቁልፏ ብረቱን ስትነካ ድምፅዋ ተሰማው፤ እዚያው ነች፣ ከበሩ ማዶ።

«አገኘሽው? ስጪኝ የኔ እናት!»

«ጥርግ በል!» አለች እያሳለች። «ሌባ! ልጄ መጣሁ ብሎኛል። አሁን ይመጣል።»

ከዚህ በኋላ ሳሏ ብቻ ነበር፣ ቀጥሎ እሱም ቀረ።

ቁልፉን በመጋዝ ስባሪው ሞከረው። ሊከፍተው እንደማይችል ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ለዚያ ብሎ አይደል የመረጠው? ጎረቤቶች መጥረቢያና ዲጂኖ ይዘው ደረሱ። በሩ አልበገር አለ። ፍርግርጉ አልበገር አለ፤ ብየዳው የማን ሆነና! በመጨረሻ ግድግዳውን ፈልፍለው በሩን ከነመቃኑ ገነደሱት። እናቲቱ ከበሩ ኋላ ቁጭ እንዳለች ራሷን ስታለች። ቁልፏን በጡጫዋ ጨብጣታለች።

አልሞተችም። «ተመስገን በል» ይሉት ነበር፣ እሱም ይላል። ሳንባዋ ግን ዳግም እንደ ድሮው አልሆነም፤ አእምሮዋ ላይ የቀረችው ጥቂት ብርሃንም በጭሱ ሄደች። ሆስፒታል ሳለች ነርሶቹ ቁልፏን ሊያስለቅቋት ሞክረው አቃታቸው። ምግብ በአንድ እጇ ትበላለች፣ ሌላው ጡጫ ነው።

እህቱ መጣች። የመጣችው ልትሰድበው ነበር፤ የተቃጠለ ቅንድቡንና በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ስታይ ግን አጠገቡ ተቀመጠች። ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው።

«ውሰጃት፣ እታለም።»

እህቱ አለቀሰች። እሱ አላለቀሰም፤ ማልቀስ እንኳ ለሌላ ሰው የሚገባ ነገር መሰለው።

መኪናው ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሟል። እናቲቱ ግን ተሽከርካሪ ወንበሯን አጥብቃ ይዛ አሻፈረኝ አለች። «ልጄ ሳይመጣ የትም አልሄድም! መጥቶ ሲያጣኝ ይደነግጣል።»

«እማዬ፣ ይኸው እኮ አጠገብሽ...» ብላ እህቱ ጀመረች። በዓይኑ ዝም አሰኛት። እናቱ ሽቅብ እያየችው ነበር፣ አንድ መንገደኛ እንደምታይ። ጎንበስ አለ።

«እማማ፣ ልጅዎ ነው የላከኝ።»

«ልጄ? የት ነው ያለው?»

«ሥራ ላይ ነው። ከእህቴ ጋር ይሂዱ፣ መጣሁ በላቸው ብሎኛል።»

ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጡጫዋን ቀስ ብላ ፈታችና የጠቆረችውን ቁልፍ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«እንግዲያው ይህችን ስጠው። አንድ ሌባ ሊወስዳት መጥቶ ነበር፤ አልሰጠሁትም በለው።»

«እነግረዋለሁ።»

«ደግሞ ቢዘገይ እንዳትቆጣው፣ እሺ? ልጄ አይረሳም። ብዙ ስለሚያስብ ነው።»

«እሺ፣ እማማ» አላት፤ ደግፎም መኪናው ውስጥ አስገባት፣ በሩንም ራሱ ዘጋላት።