ከራስጌ ያለችው እግር

ወንዙ ዘንድሮም አመሉ ተነሣበትና ወደ መንደሩ ዞረ። ሰው ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ይላክበት ነበር። ሜዳው ላይ እዚህም እዚያም ያሉት ጉብታዎች የዚሁ አመል ትርፍ ናቸው፤ የጥንት ሰዎች በጭቃ ጡብ ቤት ሲሠሩ፣ ወንዙ ሲያባርራቸው፣ ሌሎች መጥተው ፍርስራሹ ላይ ሲሠሩ ነው አፈሩ እንዲህ የተከመረው። ጡብ ሠሪው ሽማግሌም ዕድሜውን የፈጀው ከአንዱ ጉብታ ሥር ወደ ሌላው ሲሰደድ ነው። አሁን ግን ታክቶታል።

አዲስ አፈር ለመቆፈር አቅም ስለሌለው የአሮጌውን ቤት ጡብ ጉድጓድ ውስጥ ይዘፈዝፋል፣ ጭድ ጨምሮ ይረግጣል፣ መልሶ ይቀርጻል። የማይዘፈዘፍ አንድ ጡብ ብቻ አለ። የእሱና የሚስቱ ሴት ልጅ መራመድ በጀመረች ሰሞን እርጥብ ጡብ ረግጣ እግሯ ታትሞበት ነበር። ብዙም ሳትቆይ ሞተች። በየሄዱበት ያ ጡብ በሚስቱ ራስጌ በኩል ግድግዳው ውስጥ ይገባል፤ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ በጣቷ ትዳብሰዋለች።

ዘንድሮ ግን ሽማግሌው ግድግዳውን ሲያፈርስ በድካም ያን ጡብ ከሌሎቹ ጋር ጉድጓዱ ውስጥ ወረወረው። ትዝ ሲለው ጡቡ ጭቃ ሆኗል።

«አሁን ምን ይዋጠኝ?» አለ ለብቻው።

አዲስ ጡብ ቀረጸ። ቡጢውን ጨብጦ በትንሿ ጣቱ በኩል እርጥቡ ጡብ ላይ ተጫነው፤ በጣቶቹ ጫፍ የእግር ጣቶች ደረደረለት። ቁርጥ የሕፃን እግር ሆነ። በራሱ አፈረ። ሚስቱ ጡቡን በጠየቀችው ቁጥር «ጭድ ውስጥ ሸሽጌዋለሁ» እያለ፣ ሲደርቅ አምጥቶ ሰጣት።

ዳበሰችው። ከዚያ የራሷን ቡጢ ጨብጣ የእግሩ ምልክት ላይ አሳረፈችው። ሰፋት።

«አንተ ሰውዬ፣ እጅህ ትልቅ ነው» አለችው።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ያኛው ለኔ እጅ ልክ ነበር። የልጅቷን ጡብ እኮ ድሮ፣ ከቀዩ ጉብታ ስንለቅ ጎርፍ አሟሟው። አንተ ያን ጊዜ እህል ውሃ አላሰኝህ ብሎ ነበር። ይሄንንም ካጣ ይሞትብኛል ብዬ በቡጢዬ ሠራሁልህ። ስዳብሰው ኖሬ፣ እኔም አምኜው ቀረሁ።»

ሽማግሌው የጡቡ ክምር ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ልጅቷን ከቀበረ ወዲህ እንደዚያ አልቅሶ አያውቅም።

«እንግዲህ ጡቡ ይቅር?» አላት፣ ሲበቃው።

«ለምን ይቀራል? ደርቋል እኮ። ብቻ በአዲሱ ቤት ባንተ በኩል አስገባው። እኔ ብዙ ዘመን ይዣታለሁ።»