ለዋይኔል የመረጥኩላት ዘንግ

ሃርላን ካፕስ ሚስቱ በሞተች በአራተኛው ዓመት እንደገና ሊያገባ መሆኑን ሲነግረኝ ከልቤ ደስ አለኝ። ሚዜው እኔ ነበርኩ። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የሙዝ ፑዲንግ እየበላን ለሙሽራዋ፣ «ካልሲውን የሚፈልግለት ሰው ስላገኘ እኔ አረፍኩ» ብዬ አስቄያታለሁ። ያን ቀን ያላሰብኩት ነገር ቢኖር ዋይኔል ዓሣ ማጥመድ ሊያምራት እንደሚችል ነው።

እኔና ሃርላን በገንተርስቪል ሐይቅ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ባስ የሚባለውን ዓሣ አጥምደናል። እሱ ከፊት ቆሞ ጀልባዋን ይመራል፣ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። ከጎማ ፋብሪካው ጡረታ እስክንወጣ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ሆነ። የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎቹን የምመርጥለት እኔ ነኝ። ከቤቴ ጀርባ ትንሽ የጥገና ክፍል አለችኝ፤ ያገሩ ሰው ዘንጉ ሲሰበር፣ የክር ቀለበቱ ሲነቀል፣ የክር መጠቅለያው አሸዋ ገብቶበት ሲንቋቋ ወደ እኔ ያመጣል። የሃርላንን ግን ሳይበላሽም እነካካዋለሁ። በብርዱ ወራት መጠቅለያዎቹን ፈታትቼ፣ የቆየውን ግሪስ በጥርስ ብሩሽ አጥቤ፣ ጠብታ ዘይት ብቻ ሰጥቼ እገጥማለሁ። በየቀለበቱ ውስጥ የሴት ስቶኪንግ ቁራጭ አሳልፋለሁ፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ካለ ጨርቁን ይዞ ያሳብቃል። ሃርላን ከእጄ የተቀበለውን ዘንግ አገላብጦ አይቶት አያውቅም። ዝም ብሎ ይወረውራል። ለእኔ ይሄ ከምስጋና ይበልጥብኝ ነበር።

በመጋቢት መጀመሪያ አንድ ማክሰኞ ደወለ።

«ስማ ዴልበርት፣ ነገ ዋይኔል አብራኝ ልትወጣ ፈልጋለች። ጀልባዋ ደግሞ ለሁለት ሰው ናት።»

«ትውጣ እንጂ» አልኩት። «አንድ ቀን ነው።»

አንድ ቀን አልነበረም። ዋይኔል ሃያ ሰባት ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች ሴት ናት፤ ጎህ ሳይቀድ መነሳት አይከብዳትም፣ ብርድ አትፈራም፣ ዝም ብሎ መጠበቅም ታውቅበታለች። በሁለተኛው ሳምንት የጎማ ቡትስ ገዛች። በሦስተኛው ሳምንት ሃርላን መደወሉን ተወ። እኔ መውጣቱን የምሰማው ቁርስ ቤት፣ ከሌላ ሰው አፍ ሆነ።

«ዴልበርት፣ ሃርላን ፈታህ አሉ» አለኝ አንዱ፣ ዳቦውን በመረቁ ውስጥ እየነከረ። «ውሾቹን ማን ወሰደ?»

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መኪናዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን ቁልፉን ሳላዞር ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ያኔ ለማንም አልተናገርኩም። ለአጋዘን አደን የምይዘውን መነጽር አንስቼ በሐይቁ ድልድይ አጠገብ መኪናዬን አቁሜ እነሱን ማየት ጀመርኩ። አንድ ጠዋት ሃርላን ጎንበስ ብሎ የተወታተበ ክሯን ሲፈታላት አየሁ። ሩብ ሰዓት ፈጀበት። እሷ አንድ ነገር አለችው፣ እሱ ሳቀ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሃርላን የእኔን ክር ፈትቶልኝ አያውቅም፤ የእሱን የምፈታው እኔ ነበርኩ። 

በዚያው ሳምንት ዋይኔል የተቀቀለ ኦቾሎኒ በከረጢት ይዛልኝ ጥገና ክፍሌ ድረስ መጣች።

«ሚስተር ዴልበርት፣ ሃርላን ዘንግ መምረጥ የሚያውቅ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት ብሎኛል። ለክለቡ የዓሣ ማጥመድ ውድድር የራሴ እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ። እስከ መቼ የሰው ዕቃ እዋሳለሁ?»

«ለምን ዓይነት አጠማመድ ነው?»

«ለዚያች ለምትንኳኳው፣ ዓሣ ለምትመስለው ማታለያ። ሦስት ሦስት መንጠቆ ላላት። የውሃው ሣር ላይ እየወረወርኩ የምስባት።»

ይሄን የሰማ የዘንግ ሰው ማሰብ እንኳ አያስፈልገውም። እነዚያ ትናንሽ መንጠቆዎች የዓሣውን ከንፈር ገና በጫፋቸው ነው የሚይዙት። ዘንጉ ለስላሳ መሆን አለበት፤ ባሱ ሲነጥቅ እሺ ብሎ የሚጎነበስ፣ አፉን እስኪዘጋ ጊዜ የሚሰጥ። ደረቅ ዘንግ ከሆነ ሳይውጠው ከአፉ ትነጥቀዋለህ፣ ወይም ከንፈሩን ቀደህ ትለቀዋለህ። ግድግዳው ላይ ማር የመሰለ ከመስታወት ክር የተሠራ ዘንግ ተሰቅሎ ነበር፤ ለእሷ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ልክ የሚሆናት። እጄ ወደዚያ ሄዶ ነበር። ከዚያ ዝቅ አለና ከጎኑ ያለውን ጥቁሩን አነሳሁ፤ ከሣር መሀል ትልቅ ዓሣ ጎትቶ ለማውጣት የሚሆነውን፣ እንደ መጥረጊያ እንጨት የደረቀውን።

ጫፉን ጣሪያው ላይ ተጭና ሞከረችው። «አይታጠፍም እኮ።»

«መታጠፍ የለበትም» አልኳት። «ዘንግ ሲጠነክር ዓሣው አያመልጥም።»

አመነችኝ። የባሰው ደግሞ ሥራዬን አሳምሬ መሥራቴ ነው። መያዣውን ለትንሽ እጇ እንዲመች በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩላት፤ የማይሳብ፣ የማይለጠጥ ክር ጠቀለልኩላት፣ እሱም ጉዳቱን እንዲያባብስ። ስሟን ራሱ በቀጭን ብሩሽ ጽፌ ቫርኒሽ ቀባሁበት።

ውድድሩ በሚያዝያ አጋማሽ ነበር። የተያዘው ዓሣ የሚመዘንበት ዳስ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ዋይኔል ባዶ እጇን ወረደች። ሰባት ዓሣ ነክሶላት ሰባቱም አምልጠዋታል፤ አንዱ ጀልባዋ ጥግ ደርሶ፣ ሃርላን መረቡን ዘርግቶ እያለ።

«እጄ ነው» አለች ለተሰበሰበው ሰው፣ እየሳቀች። «ያን የሚያህል መሪ ሲያዞር የኖረ እጅ ዓሣ ማጥመድ አይችልበትም።»

ሳቋ ቀጭን ነበር። ሃርላን ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። እኔ ደስ አለኝ። መዋሸት አልፈልግም፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ዋይኔል ወደ ሐይቁ አልተመለሰችም። ሃርላን ደወለ፣ «ነገ ና» አለኝ። ሌሊቱን እንደ ልጅ ነቅቼ አደርኩ።

ወንበሬ ላይ ስቀመጥ የጠበቅሁት ደስታ አልመጣም። ሃርላን ስለ እሷ ብቻ ነበር የሚያወራው። እቤት ተቀምጣ ቲማቲም ትተክላለች፤ ጀልባዋን ስታይ ፊቷን ታዞራለች። «አንዳንድ ሰው አይሆንለትም መሰለኝ» አለ። «ግን ቀስ ብላ ነው የምትስበው፣ ዓይኗም ደህና ነው። አልገባኝም።» እኔ ክሬን አየሁ።

ረፋዱ ላይ የዋይኔል ዘንግ ጀልባዋ ውስጥ እንደታሰረ ቀርቶ አየና፣ ያቺ የምትንኳኳው ዓሣ መሳይ ማታለያ አሁንም ከክሩ ጫፍ ስለነበረች፣ ፈትቶ ወረወረ። በሁለተኛው ውርወራ አንድ ባስ ነከሰ። አመለጠ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ነከሰ፣ አመለጠ። በሦስተኛው ጊዜ ሃርላን ክሩን ሰብስቦ ተቀመጠ። የዘንጉን ጫፍ በአውራ ጣቱ ገፋ፣ ለቀቀ። እንደገና ገፋ።

«ይሄን ማን መረጠላት?»

«እኔ።»

«ለምን እንደምትፈልገው ነግራሃለች?»

ተሳስቼ ነው ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ነግራኛለች» አልኩ።

«አንተ በዘንግ ተሳስተህ አታውቅም፣ ዴልበርት።»

«አልተሳሳትኩም።»

ሃርላን ዘንጉን መልሶ አሰረው። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ቀጥታ ወደ ጀልባ ማውረጃው ወሰደኝ። አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። ስወርድ ብቻ፣ «ራስህ ትነግራታለህ። እኔ አልነግርልህም» አለኝ።

በዚያኑ ቀን ሄድኩ። ዋይኔል ጓሮዋ ውስጥ ተንበርክካ የቲማቲሙን ድጋፍ እንጨት እየተከለች ነበር። ቆሜ ነገርኳት፤ ድልድዩ አጠገብ ቆሜ በመነጽር ማየቴን ሳይቀር። ጓንቷን አውልቃ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አውቶቡሴ ላይ ከወንበሩ ያስነሳሁት ልጅ ሁሉ ቦታውን የያዘበትን ልጅ ቦርሳ በመስኮት ይወረውር ነበር» አለች። «እነሱ ግን ስምንት ዓመታቸው ነው። አንተ ስንት ነህ?»

«ስልሳ ስድስት።»

እስከዚያ ቀን ድረስ «እርስዎ» ነበር የምትለኝ።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ የገዛ እጄን ስጠላ ነበር። ታውቃለህ? ሳህን ሳጥብ ሁሉ አየው ነበር።» ጓንቷን መልሳ አጠለቀች። «በል አሁን ሂድ።»

ማር የመሰለውን ዘንግ በሁለት ቀን ጨርሼ በሯ ላይ አደረስኩላት። ተቀበለችኝ፣ ጫፉን የበረንዳው ጣሪያ ላይ ተጫነችው፣ ዘንጉ እንደ ቀስት ተለመጠ። «ይሄኛው ይታጠፋል» አለችና በሩን ዘጋችው።

ሞቃቱን ወራት ሙሉ ማንም አልደወለልኝም። በዚያ ዘንግ ዋይኔል በግንቦት ብቻ ሠላሳ ዓሣ እንደያዘች ቁርስ ቤት ሰማሁ። በሐምሌ ደግሞ ሃርላን መጠቅለያዎቹን ለአንድ የስኮትስቦሮ ከተማ ጠጋኝ እንደሰጠ ሰማሁ። እሱን ሰውዬ አውቀዋለሁ፤ ዘይት በሚገባበት ግሪስ የሚጠቀጥቅ ሰው ነው። የዋይኔልን ነገር እንደምንም ችዬው ነበር፤ ይሄኛው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እነዚያ መጠቅለያዎች በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተበታትነው በዓይነ ኅሊናዬ ይታዩኝ ነበር።

በጥቅምት ሃርላን የቤቱን አሸንዳ ሊጠርግ ወጥቶ ከመሰላል ወደቀና ትከሻውን ሰበረ። የበልጉ ውድድር—እኛ ዘንድ ቅጠል ሲረግፍ የሚደረገው—ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር፣ የሚገቡትም ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። ዋይኔል ደወለች።

«የውድድሩ ቅዳሜ ሥራ አለህ?»

«የለኝም።»

«እኔ ከፊት ነኝ፣ አንተ ከኋላ። ከዘንጎቼ አንዱንም አትነካም።»

«እሺ።»

«መረቡን ግን ትይዛለህ። ዓሣዬን ከጣልክ እየዋኘህ ትመለሳለህ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሃርላን ክንዱ በጨርቅ ታስሮ ማውረጃው ላይ ቆሞ ነበር። ከጀልባዋ ካወረደኝ ወዲህ ሰላም ያለኝ ያን ዕለት ነው። ከዚያ ምክር ጀመረ፤ ድልድዩ ጋ ጀምሩ፣ ነፋሱ ከዞረ ወደ ምዕራቡ ዳር ሂዱ፣ ሞተሩን ቀስ አድርጊው።

«ሃርላን» አለችው፣ «መኪና ውስጥ ግባ፣ ይበርድሃል።»

ዋይኔል ያን ቀን አምስት ያዘች፣ እኔ ሁለት። ትልቁ የመጣው ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከሣሩ ዳር ነው። ዘንጉ እስከ ውሃው ድረስ ጎነበሰ፣ እሷም አብራ ጎነበሰች፤ ሳትቸኩል፣ ሳትነጥቅ። እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ መረቡን ስዘረጋ ሚዛኔን ስቼ በግንባሬ ውሃው ውስጥ ገባሁ፤ ዓሣው ግን መረቡ ውስጥ ነበር። ዋይኔል በቀበቶዬ ይዛ ጎተተችኝ። ባርኔጣዬ እየተንሳፈፈ ሲሄድ እያየን እስኪያመን ሳቅን።

ሦስተኛ ወጣን። ሚዛኑ ዘንድ ስንደርስ አሁንም ስለ ባርኔጣው እየሳቅን ነበር። ሃርላን የሚያየው ዓሣውን አልነበረም፤ እኛን ነበር። ያን ዓይን አወቅሁት።

«ምንድነው የሚያስቃችሁ?»

«እዚያ ብትሆን ይገባህ ነበር» አለችው ዋይኔል።

ሃርላን አልሳቀም። ሰኞ ጠዋት ግን ደወለልኝ። የስኮትስቦሮው ሰው የሠራቸው መጠቅለያዎች እንደሚጮኹ ነገረኝ፣ ላምጣቸው ወይ አለ፣ አምጣቸው አልኩት። ከዚያ ሐኪሙ ስድስት ሳምንት እረፍት እንዳዘዘው፣ ለእሱ ግን አራት የሚበቃ እንደሚመስለው ነገረኝ።

«ሐኪሙ ስድስት ካለ ስድስት ነው» አልኩት።

እውነቱን ለመናገር፣ ስምንት ቢለውም አይከፋኝም ነበር።