የካሳይ ቀኝ

ካሳይ ጉልበት አልጎደለውም። ቄራ ውስጥ ግማሽ በሬ ባንድ ትከሻው ተሸክሞ መኪና ላይ ሲጭን ያየው ሁሉ፣ «ይሄ የመታው ሰው አይነሳም» ይል ነበር። ቦክስ ላይ ግን እንደዚያ አልሆነለትም። ካዛንቺስ ባለው የቀበሌ አዳራሽ ሲጋጠም ቡጢው ይጮሃል እንጂ አይጥልም። በተሸነፈ ቁጥር በሲሚንቶ የተሞሉ ጣሳዎቹን እያነሳ ክንዱን ያደልባል።

«ክንድህን ተወው» ይሉታል አሰልጣኙ ጋሽ ቡልቻ። «ቡጢ ከመሬት ነው የሚነሳው። ተረከዝህ ይዙር፣ ወገብህ ይከተል፣ እጅህ መጨረሻ ይድረስ።»

«እሺ ጋሼ» ይላል፤ ግን አያምናቸውም። ያሳመነው ኢብሮ ነው። ኢብሮ ላንቻ የእናቱን ሱቅ የሚጠብቅ፣ ንፋስ የሚወስደው የሚመስል ቀጭን ልጅ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ የተንጠለጠለውን የአሸዋ ጆንያ ሲመታው ግን ያጥፈዋል። ሌላው ወደ ቤቱ ሲሄድ እሱ ከካሳይ ጋር ይቀራል።

«ላላ በል በቃ! ጥርስህን ሳይቀር ትነክሳለህ እኮ። ማለቴ፣ እጅህ ሙሉ ሆኖ በሩን በዳሌህ ስትዘጋ አታውቅም? እንደሱ ነው።»

ክረምቱን ሙሉ እንዲሁ ሲደክምበት ከረመ። ካሳይም ጣሳዎቹን ተዋቸው።

መስከረም ላይ ሁለቱ ለልምምድ ተጋጠሙ። አዳራሹ ያለው የራስ መከላከያ አንድ ብቻ ነበር። «ተመቺው አንተ ነህ» ብሎ ኢብሮ እየሳቀ ለካሳይ አጠለቀለት።

ኢብሮ ሲጠጋ የካሳይ ተረከዝ ዞረ፤ ወገቡ ተከተለ። ክንዱ የሌለ ያህል ቀለለው። ቀኙ ሲያርፍ ኢብሮ ባለበት ተዘረረ፤ ጭንቅላቱም ከሲሚንቶው ወለል ጋር ተጋጨ። ካሳይ ለቅጽበት ደስ አለው። «አየህ?» ሊለው ጎንበስ ሲል የኢብሮ ዓይን ወደ ላይ ተገልብጧል።

ኢብሮ ከሞት ተረፈ። ግን አንደበቱ ተያዘ፣ ግራ እጁም አልታዘዝ አለው።

ካሳይ ለወራት ላንቻን እየሸሸ ቆይቶ አንድ እሁድ ሱቁ ደጃፍ ቆመ። እርግማን ጠብቆ ነበር። የኢብሮ እናት ግን በርጩማ አቀረቡለት።

«ቀደር ነው ልጄ፣ አላህ የጻፈው ነው፤ ግባ» አሉት። ቢረግሙት ይሻለው ነበር።

ኢብሮ ትኩር ብሎ አየው። «ካ... ካሳይ። ቦክስ እንዴት ነው?»

«ትቼዋለሁ።»

የኢብሮ ፊት ተለዋወጠ። «ለምን? እኔ... ያን ሁሉ የደከምኩት...» ቃሉ አልመጣለት አለ። ደህናው እጁ ባንኮኒውን መታ፤ እንባውም ወረደ። እናቱ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ።

ካሳይ በርጩማውን ወደ እሱ አስጠግቶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ እየሄደ አጠገቡ ይቀመጣል። ኢብሮ ስለ ቦክስ በተቆራረጠ አንደበቱ ያወራል፣ አንዳንዴም ይቆጣዋል። እሱ ያዳምጣል። አዳራሹን ግን ዳግመኛ አልረገጠውም።