ምዕራፍ አራት ላይ የተኛችው ልጅ

«እኔ ገዳዩን ያወቅሁት ገና ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው» አለ ልጁ፣ የረቂቁን ጥራዝ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አድርጎ። «የግምጃ ቤቱ ሹም ከመጠን በላይ ደግ ነው። ልብወለድ ውስጥ እንዲህ ያለ ደግ ሰው ካየሁ አለቀ፣ እሱ ነው።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ደራሲው፣ ሽማግሌው መምህር፣ አብረው ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ ከንፈራቸው ግን እሺ አላላቸውም።

ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የነገሥታት ስምና የጦርነት ዓመት ሲያስሸመድዱ ኖሩ። ቤት መዋል ሲጀምሩ ግን አንድ ነገር ከነከናቸው፦ ተማሪዎቻቸው ከዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥ አንድ ሰው እንኳ በልባቸው ይዘው አልወጡም። እናም ልብወለድ ጻፉ። የጥንት ቤተ መንግሥት፣ ሌሊት የተገደለ ማኅተም ጠባቂ፣ በሐሰት የተወነጀለ አንጥረኛ፣ እስከ መጨረሻው ገጽ ማንነቱ የማይታወቅ ገዳይ። አሳታሚው ወደደው። አንድ ነገር ብቻ ለመናቸው፤ መጽሐፉ ለወጣቶች ነውና ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ወጣቶች ይዩት አለ። ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ፣ እግሩ በተጣጠፈ ካርቶን በተደገፈ ረዥም ጠረጴዛ ዙሪያ፣ አራት አንባቢዎች ፊት ተቀምጠዋል፤ ለፈተና እንደቀረበ ሰው።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰቅላ የምትረሳ ሴት፣ ገና ሲጀምሩ ልጆቹን አስጠንቅቃቸው ነበር። «ይሉኝታ በር ላይ ይቀመጥ። ደራሲው አሉ ብላችሁ ብትሸነግሏቸው እኔን ነው የምታዋርዱኝ።»

ማንም አልሸነገላቸውም። መምህሩ ስማቸውን መያዝ ስላቃታቸው በልባቸው ቅጽል ስም አውጥተውላቸዋል። ገዳዩን በጊዜ የያዘው «ጠበቃው» ነው። አጠገቡ የተቀመጠችው መለሎ ልጅ «ሎጋዋ» ናት።

«አንተ ስታነብ ሌባና ፖሊስ ነው የምትጫወተው» አለችው ሎጋዋ። «እኔ ገዳዩ ማንም ይሁን ግድ አልሰጠኝም። ገበያው፣ የጋለው ብረት ጠረን፣ ሴቶቹ ውሃ ሲቀዱ የሚያወሩት ወሬ… እዚያ ቆሜ የማየው ነው የመሰለኝ። ክፍል ውስጥ እንዲህ ብንማር ኖሮ በመስኮት ወፍ ስቆጥር አልውልም ነበር።»

«እኔን ያናደደኝ መጨረሻው ነው» አለ ሦስተኛው፣ ሳይስቅ መናገር የማይሆንለት ልጅ። «ሹሙ ያን ሁሉ ሠርቶ አልጋው ላይ ተንደላቅቆ ይሞታል! ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

«እንደዚያ ነዋ የሚሆነው» አለች ሎጋዋ።

«እንደዚያ የሚሆነውንማ ዜና ላይ አየዋለሁ። ለዚህ ነው እንዴ እንቅልፍ አጥቼ ያነበብኩት?»

ጠበቃው ጣልቃ ገባ፤ ሎጋዋ አቋረጠችው፤ ሳቂታው በሁለቱም አሾፈባቸው። የመምህሩ ደረት ቀስ በቀስ ፈታ አለ። ከዘመናት በፊት በሞቱ፣ እንዲያውም ጨርሶ ባልነበሩ ሰዎች ምክንያት ልጆች እንዲህ ሲናቆሩ አይተው አያውቁም። ይህንን ለማየት ብቻ ቢሆን እንኳ መጻፋቸው አልከፋም።

«አንቺስ፣ የኔ እመቤት?» አለች ኃላፊዋ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ዞራ።

እዚያ የተቀመጠችው የሁሉም ታናሽ ነበረች። የሹራቧን አንገት እስከ አገጯ ስባ እስካሁን ትንፍሽ አላለችም።

«አልጨረስኩትም» አለች።

«ሰለቸሽ?» አሉ መምህሩ ረጋ ብለው።

«አይ። ምዕራፍ አራት ላይ ተውኩት።»

ጥራዙን ገለጠች። ምዕራፍ አራት ወታደሮች የአንጥረኛውን በር ሰብረው ገብተው እሱን አስረው የሚወስዱበት ነው። ልጅቱ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳርፋ ድምጿን ሳታነሳ አነበበች፦ ‹ትንሿ ልጁ ግን ከምድጃው ጎን እንቅልፍ ጥሏት ነበርና አንዳች ነገር አልሰማችም።›

ቀና አለች። «ውሸት ነው።»

ሳቂታው ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

«በር ሲሰበር ልጅ አይተኛም» አለች። «ዓይኗን ጨፍና ነው። ከተነሳሁ እኔንም ይወስዱኛል ብላ። ሁሉንም ሰምታለች።»

ጠበቃው ከወንበሩ ብድግ አለ። «ቆይ፣ ቆይ! ከሰማችማ… ፊቱን ሸፍኖ ወታደሮቹን እየመራ የመጣው እኮ ሹሙ ራሱ ነው! ‹እዚህ ግቡ፣ እዚያ ፈትሹ› እያለ ያዛል። የአባቷ ጓደኛ ነው፣ ቤታቸው የማይጠፋ ሰው! ድምፁን ታውቀዋለች! በቃ፣ መጽሐፉ እዚያው አለቀ ማለት ነው።»

«አላለቀም» አለች ሎጋዋ ቀስ ብላ። «እንዲያውም ያኔ ነው የሚጀምረው። ማን እንደሆነ ታውቃለች። ግን ለማን ትናገራለች?»

መምህሩ ያችን ዐረፍተ ነገር የጻፉበት ቀን ትዝ አላቸው። መጀመሪያ ልጅቱ ነቅታ ነበር። ከነቃች ግን ምሥጢሩ ሁሉ እንደሚፈርስባቸው ሲያዩ በአንድ መስመር አስተኟት፤ በርም እንደዘጋ ሰው ደስ ብሏቸው እጃቸውን አራገፉ። ልጅ ትተኛለች ብለው ስላመኑ አልነበረም፤ እንድትተኛ ስለፈለጉ ነው እንጂ።

ትንሿን ልጅ አዩዋት። አሁንም የገጹን ጥግ እንደያዘች ናት። አንድ ጥያቄ ምላሳቸው ጫፍ ደረሰ፤ አንቺስ በራችሁ ሲሰበር ምን ሰማሽ? ገና ያልተጻፈ ምዕራፍ ፊታቸው የተቀመጠ ያህል ተሰማቸው፤ መጎምጀታቸውም ራሳቸውን አስደነገጣቸው። ጥያቄውን ዋጡት።

ሰዓቱ ሲደርስ ሦስቱ ደረጃውን እየተንደረደሩ፣ እየተከራከሩ ወረዱ። ኃላፊዋ መጻሕፍት ልትመልስ ወደ መደርደሪያዎቹ ገባች። ትንሿ ልጅ እናቷ ከሥራ እስክትመጣ መቅረት ነበረባት። መምህሩም ወረቀቶቻቸውን ሲሰበስቡ አልቸኮሉም።

«ተቆጡ እንዴ?» አለቻቸው።

«ለምን እቆጣለሁ?»

«መጽሐፉን አበላሸሁብዎት።»

«እኔው ነኝ ያበላሸሁት። አንቺ ነገርሽኝ እንጂ።»

 ጠረጴዛውን እያየች ጠየቀች። «ነቅታ ነበር ብለው ቢጽፉ… እናቷ ታውቃለች?»

ደራሲ ናቸውና እንዳሻቸው መመለስ ይችሉ ነበር። «አላውቅም» አሉ ግን። «አንቺ ምን ይመስልሻል?»

«አታውቅም። እናቷን የሚያጽናናት ልጄ ተኝታ ነበር ማለቷ ብቻ ነው። ለመጣው ሰው ሁሉ ‹ደግነቱ ልጄ አልሰማችም› ነው የምትለው። እና እንዴት ትነግራታለች?»

 

«እንዴት እንደምትነግራት እኔም ገና አልገባኝም» አሉ መምህሩ። «ግን ያንን ሁሉ ብቻዋን ተሸክማ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ እንድትሄድ አልፈልግም።»

ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። እናትየው የመድኃኒት ቤት ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ገባች። «ይቅርታ አባባ፣ አስጠበቅኋችሁ። አላስቸገረችዎትም?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ቤት ውስጥ እኮ ድምጿ አይሰማም» አለች እናት፣ የልጇን ፀጉር በመዳፏ እያስተካከለች።

«እዚህ ተሰምቷል» አሉ መምህሩ።

እናትየው ነገሩ ባይገባትም ፈገግ ብላ አመሰገነች። ልጅቱ ጥራዙን ልትመልስላቸው ዘረጋች፤ እሳቸው መልሰው እጇ ላይ አኖሩት። እናትና ልጅ ወጡ።

መምህሩ ስልካቸውን አውጥተው አሳታሚው ጋ ደወሉ።

«ነገ አይገባም» አሉት።

«ምን ነካዎት መምህር? ወረፋውን በስንት ልመና አገኘሁት!»

«አንዲት ልጅ ነቃችብኝ።»

«ማን?»

መምህሩ ወደ መስኮቱ ተጠግተው ነበር። ከታች አውቶቡሱ መጥቶ ቆሟል። ሰዎች ይጋፋሉ። እናትየው አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አሳርፋለች፤ ልጅቱ ግን የጋዋኗን እጅጌ ይዛ እመሬት ቆማለች። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። እናት ዞራ የሆነ ነገር አለች። ልጅቱ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። እናት እግሯን አወረደች፤ የአውቶቡሱ በር ተዘጋ።

እናትየው መጀመሪያ ጆሮዋን ብቻ ዘንበል አደረገች፣ ልጅ ውኃ ጠማኝ ሲል እንደሚሰማ ሰው። ከዚያ ዘንበል እንዳለች ቀረች። ትንሽ ቆይታ፣ ቀስ እያለች፣ የነጭ ጋዋኗ ጫፍ የመንገዱን አቧራ እየነካ፣ ልጇ ፊት ቁጢጥ አለች።

«መምህር?» ይላል ስልኩ። «መምህር፣ ይሰማዎታል?»

ልጅቱ ገና እየተናገረች ነበር።