እንጨት ሲያልፍ

ዱጋሳ ከጫማው ሥር የተጋገረውን ጭቃ በባሕር ዛፍ ጭራሮ እየፈቀፈቀ ያወርዳል። ከእንጦጦ ማርያም በታች፣ መንገዱ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አንዱን ጫማ አጥርቶ ሲጨርስ ወደ ሌላው ያልፋል፤ ሁለቱም ሲጠሩ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። እጁ ሥራ እንዳይፈታ ብቻ ነው። ዓይኑ ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ከሚሉት እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ላይ አልተነሣም። እዚህ ሲቀመጥ ይህ ሦስተኛ እሑዱ ነው። የሚፈልጋትን ሴት ፊቷን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ጭነቷን ነው። ከእንጨቱ በግራው ጫፍ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል።

ከደኑ ወደ ሾላ ገበያ የሚወርደው የእግር መንገድ በተራራው ግርጌ ያለውን የኳስ ሜዳ ያቋርጠዋል። ማን እንደ ደነገገው የማይታወቅ አንድ ደንብ ነበር። ሴቶቹ ብቅ ሲሉ መጀመሪያ ያየ ተጫዋች «እንጨት!» ይላል፤ ሁሉም ባለበት ይቆማል። የተሸከመ ሰው ቆሞ አይጠብቅም፤ ጭነቱን ካወረደ የሚያሸክመው ያስፈልገዋልና። አብዮቱ መጥቶ፣ ቀበሌ ተቋቁሞ፣ ሜዳው «የሕዝብ ሜዳ» የሚል ሰሌዳ ሲተከልለት እንኳ ደንቡ አልተነካም። በዚያ ቃል የቀለደ ሰውም አልነበረም።

በ1975 ዓመተ ምሕረት፣ ጳጉሜ ሦስት ቀን፣ የካ ጮራና ካራ ነበልባል ለአብዮት በዓል ዋንጫ ተገናኙ። ሁለቱ ክለቦች ሰባት ዓመት ሙሉ ሲናናቁ ኖረው ለፍጻሜ ሲደርሱ የመጀመሪያቸው ነበር። ከኮተቤ እስከ ሾላ ሱቅ ተዘጋ። ፖስታ ቤት ደብዳቤ የሚለየው ዱጋሳ የጮራ በረኛ ነው፤ ቢጫ ማልያውን ለብሶ ቆመ። የሩፋኤል ዝናብ ጥሎ አባራ። ከዚያ ጉሙ ከተራራው ላይ እንደ ረዘመ ነጠላ እየተጎተተ ወረደና መጀመሪያ ተመልካቹን፣ ቀጥሎ ማዕዘኖቹን፣ በመጨረሻም የወዲያኛውን ግብ ሸፈነ። ጨዋታው ባዶ ለባዶ ነበር። ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ተከላካዮቹ ጎል ፍለጋ ወደ ፊት ወጡ። ዱጋሳ ከነጩ ነገር ጋር ብቻውን ቀረ።

ያን ጊዜ ነው ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰፊ ነገር ክንፉን ዘርግቶ ቀስ ብሎ የወጣው። በፊቱ ሲያልፍ የቅጠሉ ሽታ አፍንጫውን ሞላው፤ ቀዩን ጨርቅ አየ። «እንጨት!» ብሎ ጮኸ። እጆቹን ዘርግቶ ቆመ። የነበልባል አጥቂ ጀይላን ኳስ እየገፋ መጣና መታ። ኳሱ ከጭነቱ በላይ፣ ከዱጋሳም ራስ አጠገብ አልፎ መረቡ ላይ አረፈ። ዱጋሳ አልተንቀሳቀሰም። ዳኛው መምህር ወልደ ሐዋርያት ሮጠው ሲደርሱ ሴትም ጭነትም አልነበረም፤ ጉም ብቻ። ዋንጫው ወደ ካራ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ዱጋሳ ሻይ ቤት ሲገባ ጓደኛው ሀሚድ አንዲት የክብሪት እንጨት ጠረጴዛው ላይ ያኖርና በሹክሹክታ «እንጨት!» ይላል። ቤቱ በሙሉ ብርጭቆውን ወደ አፉ እንዳስጠጋ ደርቆ ይቀራል። ዱጋሳ አብሮ መሳቅ ይሞክር ነበር። ሰነፍ በረኛ ቢሉት ይችለው ነበር፤ እነሱ ግን ጎል ሲገባበት ቃሉን በሐሰት ጠራው ነው የሚሉት። እያደር እሱም ራሱን ይጠራጠር ጀመር። አንዳንድ ቀን ደብዳቤ እየለየ ሳለ በእውን ያየውንና በሕልሙ ያየውን መለየት ያቅተዋል።

ቀዩ ጨርቅ ከጉሙ ወጣ።

ዱጋሳ ጭራሮውን ጥሎ ተነሣ። ሴትዮዋ ጭነቷን በመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ግድግዳ ላይ አስደግፋ ትንፋሿን ትሰበስባለች፤ እናቱን የምታክል፣ ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት።

«እናቴ፣ በሩፋኤል ዕለት በሜዳው አልፈው ነበር?»

ከእግሩ ጀምራ ወደ ላይ አየችው። «ቢጫ ለብሰህ የቆምከው አንተ ነህ?»

ድንጋዩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ስሟ ጫልቱ መሆኑን ነገረችው። ያን ዕለት በጉሙ መሀል ቢጫ የለበሰ ሰው እጁን ዘርግቶ አየች፤ ቀኑ የሩፋኤል ነውና መልአኩ ራሱ መስሏት አማተበች።

«ኳሱ ሲገባብህ ነው ሰው መሆንህን ያወቅሁት» አለችው።

ዱጋሳ ከጳጉሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። ወዲያው ግን ቀበሌ ሄዳ ይህንኑ እንድትመሰክርለት ለመናት። ጫልቱ እንቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ደኑ የመንግሥት ነው፤ ከኳሱ በፊት እንጨቱን ከየት ቆረጥሽው ብለው ነው የሚጠይቋት። ደግሞም ለእሷ የባሰው ሌላ ነበር። ከዚያ ጨዋታ ወዲህ «እንጨት» ቢባል ተጫዋቾቹ ይስቃሉ እንጂ አይቆሙም። ባልንጀራዋን ብርቄን ኳስ ጉልበቷን መትቷት ከነሸክሟ ወድቃለች። አሁን ሁሉም በገደሉ በኩል ዞረው ነው የሚወርዱት።

ገመዱን ከደረቷ ላይ ፈታች።

«ምስክር ምን ያደርግልሃል። ና፣ ተሸከምና አንተው እለፍ።»

«ባይቆሙስ?»

«ትወድቃለሃ። እኔ ከኋላህ አለሁ፤ አነሣሃለሁ።»

ጀርባውን ከጭነቱ ጋር አጋጠመ። ገመዱን በትከሻው አሳልፋ ደረቱ ላይ አሰረችለትና ሰማይ እንዳያይ፣ መሬት መሬቱን እንዲያይ መከረችው። ሲነሣ ተራራው ራሱ የተከተለው መሰለው። ከዚያ በኋላ ዓለም ጠበበች፤ እርጥብ አፈር፣ የገዛ እግሩ፣ በግራው ጫፍ የምትወዛወዝ ቀይ ጨርቅ። ጉሙ አብሮት ይወርዳል። የቅጠሉ ሽታ ያን ቀን በፊቱ ያለፈው ነው፤ አሁን ግን ከራሱ ጀርባ ይመጣል። ከግቡ ሥር ቢጫ ለብሶ የቆመ ሌላ ዱጋሳ የሚጠብቀው መሰለው።

የሜዳው ሣር እግሩ ሥር ሲመጣ የኳስ ድምፅ ሰማ። የካራ ልጆች ናቸው፤ የእነሱን ሜዳ የገበሬ ማኅበሩ አርሶት እሑድ እሑድ እዚህ ይለማመዳሉ። ከኋላው የጫልቱ እርምጃ አልተቋረጠም፤ እሱም አልቆመም። ሩጫ ወደ እሱ መጣ። ጎንበስ እንዳለ ሁለት የኳስ ጫማዎችና አንድ ኳስ አየ። አንዱ ጫማ ተነሥቶ ኳሱ ላይ አረፈና ተጫነው።

«እንጨት!» አለ የጀይላን ድምፅ።

ከኋላ የጀመረ ሣቅ ነበር። ጀይላን ያንኑ ቃል ደግሞ ጠራው፤ አሁን ሣቁ ተቆረጠ። ዱጋሳ ቀና ብሎ ፊቱን ማየት አልቻለም፤ ከጫማዎቹ አጠገብ በቀስታ አለፈ።

«ዱጋሳ» አለ ጀይላን፣ ሁሉም እንዲሰሙ አድርጎ። «ያን ቀንም አይቻታለሁ። ቃልህንም ሰምቻለሁ። ዋንጫው ታየኝና መታሁ።»

ዱጋሳ እርምጃውን አላቋረጠም፤ የተሸከመ ሰው አይቆምም፣ አያወራም። ከግቡ ፊት ለፊት አለፈ። ቢጫ የለበሰ ሰው አልነበረም። የወዲያኛውን መስመር ሲሻገር ከኋላው ከጉሙ ውስጥ «እንጨት!» ሲባል ሰማ፤ እነሱን አይታ የተከተለች ሌላ ሴት እየመጣች ነበር። ከዚያ በኋላ ጸጥታ ሆነ፤ ሜዳ ሙሉ ኳስ ተጫዋች በአንድ ጊዜ ሲቆም የሚሰማ ጸጥታ።

ሾላ ሲደርሱ ጉሙ ተገፎ ነበር። ዱጋሳ ተንበርክኮ ጭነቱን ከሌሎቹ ጭነቶች ጎን አወረደ። ጫልቱ ቀዩን ጨርቅ አስተካከለች። እሱ ቋጠሮውን ፈታ፣ ገመዱን በክርኑና በመዳፉ መሀል እያዞረ ጠቀለለው፣ ጫፉን በመሀሉ አሳልፎ አጠበቀውና እንጨቱ ላይ አኖረው።