በጋሽ ማለዳ ስም

የአሮጌው ሰርቨር ዕድሜ እስከ ዓርብ ብቻ ነበረ። ለረጅም መንገድ አውቶቡሶች የቲኬት መቁረጫ ፕሮግራም የሚሠራው መሥሪያ ቤት የዐሥራ ሁለት ዓመት ኮዱን፣ ማን መቼ ምን እንደ ለወጠ ከሚናገረው ታሪክ ጋር፣ በእርሱ ላይ አኑሮ ኖሯል። አሁን አዲስ የኮድ ማኅደር ስለ ተገዛ፣ የማዛወሩ ሥራ ባልደረቦቿ «እንከን አልባ» እያሉ ለሚቀልዱባት ጠንቃቃ ፕሮግራመር ተሰጠ።

ኃላፊው ግን ታሪኩን አልፈለገውም።

«የዛሬውን ኮድ ብቻ ውሰጂና ገላግይን» አላት። «ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።»

«ቤቱ ሲያፈስ ግን ማን እንደከደነው ማወቅ አይከፋም» አለችው፤ አብረው ስለ ተማሩ አትፈራውም።

«በይ እሺ፣ እስከ ዓርብ። ከዚያ በኋላ ማብሪያውን የማጠፋው እኔ ነኝ።»

አዲሱ ማኅደር በአሮጌው ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ አጭር የመግቢያ መለያ የባለቤቱን ሙሉ ስም ይጠይቃል። ፕሮግራመሯ ዝርዝሩን ስታወጣ ከዐሥር ሥራ ሰባቱ በአንድ ሰው መለያ ተመዝግቦ አገኘችው፤ በሽማግሌው በጋሽ ማለዳ። ምክንያቱ አልጠፋትም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እርሷን ጨምሮ ስድስት ሆነው በአንዲት ጠባብ ክፍል ሲሠሩ ከሰርቨሩ ጋር የተገናኘው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነበረ። ጠዋት ቀድሞ የደረሰው በመለያው ይከፍተዋል፤ ሌሎቹም ዘግቶ መክፈቱ ታክቷቸው እስከ ማታ በዚያው ስም ሥራቸውን ያስገባሉ። ቀድመው የሚደርሱት ሁልጊዜ እኒያ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚሁ ነው። ስንፍና ትንሽ መስላ ትገባለች፤ ስትወጣ ግን የሰው ስም ይዛ ትወጣለች።

ከሰባት ዓመት በፊት፣ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ሳምንት፣ ፕሮግራሙ አንዳንዱን ወንበር ለሁለት ለሁለት ሰው ሸጠ። መናኸሪያው ውስጥ አርባ መንገደኞች አንገት ለአንገት ተናነቁ። ሰርቨሩ ሲታይ ስሕተቱን ያመጣው ለውጥ በጋሽ ማለዳ ስም ነበረ፤ ከስሙ በታች የተጻፈውን ማስታወሻ ያነበበ አልነበረም። ሽማግሌው ከኮድ ተነሥተው ስልክ መቀበያው ላይ ተቀመጡ። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ሲቀረው ወደ ሥራቸው ለመመለስ ያስገቡት ማመልከቻ አሁን በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ መልሱ ግን አስቀድሞ በየክፍሉ ተሰምቷል፦ «የወንበሩን ነገር ማን ይረሳል?»

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ፕሮግራመሯ ወደዚያ ለውጥ ደረሰች። ማስታወሻው እንዲህ ይላል፦ «ጥርሴን በጣም አሞኛል። የወንበር ቁጥሩን እንዲህ ትቼዋለሁ፤ ነገ ይታይ።»

ጋሽ ማለዳን ጥርስ አያማቸውም። እርሷ ሳትቀጠር ጀምሮ ጥርሳቸው ሁሉ ሰው ሠራሽ ነው። ምላሷ ሳታዝዘው ወደ ቀኝ መንጋጋዋ፣ ጥርሷ ወደ ተነቀለበት ባዶ ስፍራ ሄደ። ያን ቀን ሥራውን በጥድፊያ አስገብታ ወደ ሐኪም ሮጣ ነበረ፤ በማግስቱ ተኝታ ዋለች፤ «ነገ ይታይ» ያለችውንም ሳታይ ቀረች። ስሕተቱ ሲወጣ የሌላ ሰው ስም ስለ ተጠራ ራሷን አልመረመረችም።

ታሪኩን ትታ የዛሬውን ኮድ ብቻ ብታዛውር የሚጠይቃት የለም። በሚመጣው ወርም የክፍሉ መሪ ትሆናለች ተብሏል። ሰው ጥፋቱን ከሚሸፍንለት ትእዛዝ ይልቅ የሚጣፍጥ ትእዛዝ አያገኝም።  እርሷ ግን ማስታወሻውን በወረቀት አትማ ተነሣች፤ በመጀመሪያ የሄደችውም ወደ ስልክ መቀበያው ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ።»

መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ጥርስ? የኔ ጥርስ እኮ ብርጭቆ ውስጥ ነው የሚያድረው! ካመመም ብርጭቆውን ነው የሚያመው።»

«የኔ ነው፣ ጋሼ። ወንበሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ሳቃቸው ተቋረጠ። ስልኩ ጮኸ፤ አላነሡትም።

«አንቺ ልጅ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ቆይ፣ ይቅርታው ይደርሳል።» መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ እኮ የሠራሁት መስሎኝ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ! ‹አርጅተሃል፣ የሠራኸውን እንኳ አታስታውስም› እያልኩ ራሴን ስፈራው ኖርኩ። መነጽር በጠፋኝ ቁጥር ‹ይኸው፣ ጀመረህ› እላለሁ።»

አንገቷን ደፋች። የወሰደችባቸው ሥራቸውን ብቻ መስሏት ነበረ።

አብረው ወደ ኃላፊው ገቡ። ወረቀቱን አንብቦ ቀና አለ።

«ባታሳዪኝ ኖሮ ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«እኔ።»

«የመሪነቱ ነገር እንግዲህ...»

«ገብቶኛል።»

ኃላፊው ማመልከቻውን ከክምሩ ሥር መዝዞ ፈረመበት። «ጋሼ፣ ሰኞ ይጀምራሉ። እኛም... ሳናነብ ፈርደናል፤ ይቅርታ።»

«ለምን ሰኞ? ሰርቨሩ ዓርብ ይጠፋ የለ?» አሉ ሽማግሌው። «በስሜ ከተቀመጠው እኩሌታው የሰው ነው። የሰው ምስጋናም በልቻለሁ፣ ዝም ብዬ። ያኔ ማን ምን ይሠራ እንደነበር የማስታውሰው እኔ ነኝ። ዛሬ ካልጀመርን አይደርስም።»

ሁለት ቀን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ማስታወሻ አነበቡ።

«ይሄ ‹ሆነ› ብቻ የሚለው የማን ነው?»

«የዝምተኛው ነዋ! እሱ እኮ ሚስቱን ለጋብቻ ሲጠይቅም ከሁለት ቃል አላለፈም ይባላል።»

ያወቁትን ለባለቤቱ ሰጡ፤ ያላወቁትን «ያልታወቀ» ብለው ጻፉ እንጂ በግምት ለማንም አላደሉም። በወንበሩ ለውጥ ላይ ፕሮግራመሯ የራሷን ስም አሰፈረች፤ ከማስታወሻውም አንድ ቃል አልነካችም። ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ታሪኩ ሳይጎድል ተሻገረ፤ ኃላፊውም ማብሪያውን አጠፋ።

ሰኞ ጋሽ ማለዳ በአዲሱ ማኅደር የመጀመሪያ ሥራቸውን አስገቡ። ገጹ ወዲያው ቀላ፤ ማኅደሩ የሚገባውን ሥራ ሁሉ ራሱ የሚፈትንበትን ፈተና አላለፈም። ፕሮግራመሯ ልታርመው እጇን ዘረጋች።

«ተዪው!» አሉ፤ ፊታቸው በርቷል። «የት እንደተሳሳትኩ አውቀዋለሁ።»