ከድልድዩ የሚመለሱ እግረኞች

በከተማው የመናፈሻዎች ክፍል ውስጥ ባልደረቦቿ «እግረኛዋ» የሚሏት አንዲት ባለሙያ ነበረች። ስሙ የወጣላት ሥራዋ ሰው የት የት እንደሚራመድ ማጥናት በመሆኑ ነው። «ሰው ሲሄድ ቆሞ ማየት ሥራ ከተባለማ፣ እኛም ከመስኮት እያየን ነው» ይሏታል። ስቃ ታልፋቸዋለች።

በዚያ ሰሞን ሐሳቧን የያዘው የድሮው የባቡር መስመር ነበር። ሐዲዱ ተነቅሎ፣ ጠጠር ፈሶበት፣ ግራና ቀኙን ዛፍ ተተክሎበት የሕዝብ የእግር መንገድ ሆኗል። ከገበያው ጀርባ ይነሳና ትንሿን የብረት ድልድይ ተሻግሮ ሐይቁ ዳር ይወጣል። እስከ ድልድዩ ድረስ ሰው በሰው ነው፤ ሯጩ፣ ባልና ሚስቱ፣ አራስ ልጇን አቅፋ ነፋስ የምትቀበለው ሁሉ እዚያ ነው። ከድልድዩ ወዲያ ግን ጭር ይላል። ሰዉ ይሻገራል፣ ጥቂት ይሄዳል፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ይመለሳል። ያን የመሰለ ሐይቅ ማንም አያየውም።

«ሰዉ ሐይቁ መኖሩን ስለማያውቅ ነው» አለ ኃላፊዋ። «ትልቅ ማስታወቂያ እንስቀል።»

«መጀመሪያ ለምን እንደሚመለሱ ልጠይቃቸው።»

«ጠይቂ። ማስታወቂያው ግን ታዟል።»

በማግስቱ ድልድዩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና ተመላሹን ሁሉ ትጠይቅ ጀመር። አንዱ «ክልክል መሰለኝ» አላት። ሌላዋ ትከሻዋን ሰብቃ አለፈች። ቁርጡን የነገሯት ክንድ ለክንድ ተያይዘው የሚሄዱ ሁለት አሮጊት ጓደኛሞች ናቸው።

«ጥበቃው አያሳልፍም፣ ልጄ። ፊሽካ ይነፋል። ‹ዞር በሉ!› ይላል።»

«እኛም ዞር እንላለን» አሉ ሁለተኛዋ።

እግረኛዋ ግራ ገባት። መሥሪያ ቤቷ እዚያ ጥበቃ ቀጥሮ አያውቅም። ተነስታ ድልድዩን ተሻገረች። ከመንገዱ ጥግ በሽቦ አጥር የተከለለ አንድ ቤት አለ። አጠገቡ ስትደርስ ፊሽካው ጮኸ።

እግሯ ቀጥ አለ። አእምሮዋ ገና ሳያስብ ሰውነቷ አወቀው፤ ጀርባዋ ተቃና፣ እጆቿ ጎንና ጎኗ ላይ ተለጠፉ። ረጅም ሆኖ መጨረሻው ላይ ቁርጥ የሚል ይህ አነፋፍ የአንድ ሰው ብቻ ነው። አርፍዳ በመጣች ቁጥር የትምህርት ቤቱን ሜዳ ያስሮጧት የስፖርት አስተማሪ፣ ተማሪው ሁሉ በሹክሹክታ «ጋሼ ፊሽካ» የሚላቸው።

ከአጥሩ ወዲያ ቆመዋል። ጸጉራቸው ነጥቷል፤ ቱታው ግን ያው ቱታ ነው።

«አትገተሪ! ዞር በይ! እዚህ የሚታይ ነገር የለም!»

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ተማሪዎ ነበርኩ።»

አተኩረው አዩአት። «ሁልጊዜ የምታረፍጂው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በዓይናቸው ወደ በረንዳው ጠቆሙ። ባለቤታቸው ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠዋል።

«አዋላጅ ነርስ ነበረች» አሉ። «የዚህን ከተማ ሰፈር ሁሉ በእግሯ ያዳረሰች ሴት። አሁን መንገደኞች ይመጡና አንገታቸውን አስግገው ‹ውይ፣ ምስኪን!› ይላሉ። ሰው በገዛ ቤቱ ተቀምጦ ምስኪን ይባላል?»

እግረኛዋ ዓይኗን ወደ በረንዳው መለሰች።

«ማናት እሷ?» የሚል ድምፅ ከበረንዳው መጣ። «ሰው አጥር ላይ አስቁመህ ታወራለህ? አስገባት እንጂ!»

አስገቧት። አስተማሪው ሻይ ሊያፈሉ ወደ ጓዳ ሲገቡ ሴትየዋ እጇን ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቧት።

«በረንዳ ላይ የምውለው ለምን ይመስልሻል?»

«ለፀሐዩ?»

«ለሰው ነው እንጂ! መንገዱ ሲከፈት እንዴት ደስ እንዳለኝ። የሚያልፈውን እያየሁ፣ ማን ከማን ጋር እንደሆነ እየገመትኩ መዋል አማረኝ። እሱ ፊሽካውን ይነፋል፣ ሰዉ ይበተናል።»

«ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?»

«እኔን እየጠበቀ እኮ ነው። ጡረታ ከወጣ ሌላ ምን ሥራ አለው? እሱንም ልቀማው?»

ሰሃን ሲንቃጨል ሰሙ። አስተማሪው ትሪውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመዋል። ቀስ ብለው ትሪውን አስቀመጡና «ስኳር ረሳሁ» ብለው ወደ ጓዳ ተመለሱ። ስኳሩ ግን ትሪው ላይ ነበር።

እግረኛዋ ወደ ቢሮዋ ስትመለስ አንድ ነገር ተገለጠላት። ይህን ሁሉ ጊዜ «የመንገዱ ተጠቃሚ» ብላ የጻፈችው በእግሩ የሄደውን ነው። ቁጭ ብሎ የሚያየውን፣ ሊሄድ ፈልጎ ያልቻለውን አንድም ቀን አልጠየቀችም። ለኃላፊዋ የሆነውን ስትነግረው ወዲያው ስልክ አነሳ። «ደንብ አስከባሪ ይሂድና ፊሽካውን ይቀማ!»

«እባክህ፣ ጥቂት ቀን ስጠኝ» አለችው። እያጉረመረመ ስልኩን አስቀመጠ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄደች። ወንበሩ እንዲያልፍ ከሽቦው አጥር አንድ ማዕዘን ተቆርጧል። አስተማሪው መንገዱ መሐል ላይ ላባቸው እየተንጠባጠበ ወንበሩን ይገፋሉ፤ ጎማው ጠጠር ውስጥ ሰምጦ አልነቃነቅ ብሏል።

«ይህን መንገድ ያጠናው ማነው?» ብለው ጮሁባት።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ወድቀሻል!»

ሚስታቸው ከት ብለው ሳቁ። ሁለቱ ተጋግዘው ወንበሩን ወደ ኋላ ሊጎትቱት ሲሉ ግን «ተዉኝ፣ እዚሁ ይሻለኛል» አሉ። «ፊቴን ብቻ ወደ መንገዱ አዙሩልኝ።»

አዞሯቸው። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ አሮጊት ጓደኛሞች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ብቅ አሉ። አስተማሪውን ሲያዩ ክው ብለው ቆሙ። እሳቸውም እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋባቸው፤ ኪሳቸው ከተቱት፣ መልሰው አወጡት።

«ኑ፣ ኑ! ደህና ዋላችሁ?» አሉ ባለ ወንበሯ።

«ከልካይ የለም እንዴ?»

ሴቶቹ ሁሉ አስተማሪውን አዩ። እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠረጉና «የለም፤ እለፉ» አሉ፤ ከዚያም ልማድ ሆኖባቸው «ትከሻችሁን ቀና አድርጋችሁ!» ብለው ጨመሩ።

ማስታወቂያው እንደታዘዘ ተሰቀለ። እግረኛዋ ደግሞ በየስብሰባው እየተነሳች ስለ ጠጠሩ ተከራከረች፤ ኃላፊዋን ይዛው ሄዳ ወንበሩን ራሱ እንዲገፋው እስክታደርግ ድረስ። ልቡ ሊወልቅ ደርሶ ሲያበቃ ፈረመላት። ለስለስ ያለ ንጣፍ ተነጠፈ፤ ለጊዜው ከባልና ሚስቱ በር እስከ መንገዱ መታጠፊያ ብቻ ነው። ባልና ሚስቱ በየቀኑ እስከዚያ ይሄዳሉ፤ መንገዱ አጭር ቢሆንም ጊዜ ይፈጅባቸዋል፤ አላፊው ሁሉ ሰላም ሊላቸው ይቆማል፣ ሴትየዋም ያዋለዷቸው ልጆች ከወላጆቻቸው የቱን እንደሚመስሉ ይጠይቃሉ። አስተማሪው እጀታውን እንደያዙ ቆመው ይጠብቃሉ፤ «ጨረሳችሁ?» ይላሉ፣ መልሱን ግን አይጠብቁም።